ችግር ሰውን ያጠነክራል የሚባለው እስከ ምን ድረስ እውነት ነው?

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ያ ባዶ እግር ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አላገኘም። በምርቃት ንግግር ይጠቀሳል፣ በማነቃቂያ ሥልጠና ይጠቀሳል፣ ልጅ አላጠና ሲልም ይጠቀሳል፦ «ጫማ እንኳ ሳይኖረው ዓለምን ጉድ አሰኘ!»

ጫማ ግን ነበረው። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነው፤ ደመወዙና ቀለቡ የታወቀ፣ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በዕቅድ የሚያሰለጥነው። ሮም ላይ የሞከረው አዲስ ጫማ እግሩን አላመች አለው፤ በልምምድ ጊዜ በባዶ እግሩም ሮጦ ስለሚያውቅ ጫማውን ትቶት ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከሮሙ በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ፈጠነ፤ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና አምስት ሳምንት ገደማ ሆኖት።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» በሚል ሕዝብ መካከል «ለመሆኑ መከራ ይመክራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ጥያቄው ግን በሕክምናም፣ በሥነ ልቦናም፣ በኢኮኖሚክስም ብዙ የተሠራበት ነው። መልሱ አንድ «አዎ» ወይም አንድ «አይ» ያልሆነው ችግሩ ብቻውን ስለማይሠራ ነው። መጠኑ፣ የመጣበት ዕድሜ፣ ከእሱ በኋላ የተገኘው እፎይታ፣ አጠገብ የነበረው ሰው፣ እነዚህ ሁሉ አብረው ይቆጠራሉ።

«ችግር» ስንል የትኛውን ነው?

አማርኛችን ለብዙ ነገር አንድ ቃል ይበቃዋል። ለፈተና ሌሊት ቁጭ ብሎ ማጥናትም ችግር ነው፣ አባት መሞቱም ችግር ነው፣ ለዓመታት በየቀኑ እየተደበደቡ ማደግም ችግር ነው። በልጆች ዕድገት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ግን ሦስቱን ይለያሉ።

አንደኛው አጭርና ቀላል ጫና ነው፦ የክትባት መርፌ፣ የመጀመሪያው የትምህርት ቀን፣ በጨዋታ መሸነፍ። ልብ ይመታል፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ይረጫሉ፤ ነገሩ ሲያልፍ ሰውነት ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ጫና ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከባድ ሆኖ የሚቻል ጫና ነው፦ የወላጅ ሞት፣ የመኪና አደጋ፣ መፈናቀል። ሦስተኛው መርዛማ የሚባለው ነው። ቅንጣት ፋታ እንኳ ሳይሰጥ ለወራትና ለዓመታት የሚቀጥል፣ የማንቂያ ደወሉ የማይጠፋበት ጫና። ኮርቲሶል ለአጭር ጊዜ ሲረጭ ጉልበት ይሰጣል፤ ለረጅም ጊዜ ሲረጭ ግን እንቅልፍን፣ የበሽታ መከላከል አቅምንና ማስታወስን ይጎዳል።

ልብ ማለት የሚያስፈልገው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚለያቸው የክስተቱ ክብደት ብቻ አለመሆኑ ነው። አባት የሞተበት ልጅ አያቱ ጉያ ውስጥ ካደረ ጫናው የሚቻል ይሆናል። ያው ልጅ ማንም ሳያየው ከቀረ ወደ መርዛማው ይሻገራል።

እንጀራ የምትጋግር ሴት ይህን ነገር በምጣድ ታውቀዋለች። አዲስ የሸክላ ምጣድ እንደተገዛ ኃይለኛ እሳት ላይ አይጣድም፤ ይሟሻል። ለስለስ ባለ እሳት ይሞቃል፣ በተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሻል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል። እንደዚያ የተሟሸ ምጣድ ለዓመታት ያገለግላል። በመጀመሪያው ቀን ነበልባል ላይ የተጣደው በማግስቱ ስንጥቅ ያወጣል። እሳቱ ያው እሳት ነው።

ሰውነት የሚጠነክረው መቼ ነው?

ሩጫን እንውሰድ፤ ጫና የሚሠራውን ሥራ በቁጥር ለማየት ከሩጫ የተሻለ ቦታ የለም።

ብዙ ሰው ጡንቻ የሚጠነክረው ዳገቱ ላይ ይመስለዋል። ዳገቱ ላይ ግን ሰውነት ይዳከማል እንጂ አይጠነክርም። የጡንቻ ክሮች በጥቃቅኑ ይበጣጠሳሉ፣ በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ይሟጠጣል። የጥገናው ሥራ ደምቆ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ባሉት ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ነው፤ እሱም ምግብና እንቅልፍ ካገኘ። ጥገናው ከነበረው ትንሽ አስበልጦ ስለሚሠራ ሯጩ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ዳገት ቀለል ብሎት ይወጣዋል። አሰልጣኞች ከባድ ልምምድ ባለበት ማግስት ቀላል ሩጫ የሚያዙት ለርኅራኄ ብለው አይደለም። ማግስቱንም ከባድ ካደረጉት ያልተጠገነ ጡንቻ እንደገና ይበጣጠሳል፤ ጭማሪው ቀርቶ ጉዳት ይጠራቀማል።

አጥንት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። አዲስ ጫና ሲበዛበት ሰውነት የተጎዳውን የአጥንት ክፍል መጀመሪያ ቆፍሮ ያወጣል፤ ይህ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በአዲስና በጠንካራ አጥንት ይሞላዋል፤ መሙላቱ ግን ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል። በመካከል ያለው ጊዜ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ያልተሞላበት ጊዜ ነው። ልምምዱን በአንድ ጊዜ እጥፍ ያደረገ ሯጭ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛውና በአምስተኛው ሳምንት መካከል ቅልጥሙ ወይም የእግሩ መዳፍ አጥንት የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ጫናውን በትንሽ በትንሹ የጨመረ ጓደኛው በዚያው ጫና ጠንካራ አጥንት ያወጣል።

የከፍታውም ነገር እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቆጂ 2,800 ላይ። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ኩላሊት እጥረቱን ሲያይ ኢፒኦ የሚባል ንጥረ ነገር ይልካል፣ መቅኒ በትእዛዙ ቀይ የደም ሕዋስ ያመርታል፤ ለውጡ ጎልቶ እስኪታይ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ችግር ብልሃትን ወለደ። ነገር ግን ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል፦ ብረት። በሰውነቱ ውስጥ የብረት ክምችት ያነሰበት ሯጭ ከፍታ ላይ ወር ቢቀመጥም ደሙ አይጨምርም። እጥረቱ አለ፣ ትእዛዙ ወጥቷል፣ ዕቃው ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ቤንጃሚን ሌቪንና ጄምስ ስትሬይ-ጉንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ ነገሩን አንድ ደረጃ ወሰደው። 39 ሯጮችን በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ከፍታ ላይ እየኖረ ከፍታ ላይ ተለማመደ፤ ሁለተኛው ቆላ ኖሮ ቆላ ተለማመደ፤ ሦስተኛው በ2,500 ሜትር ላይ እየኖረ ለልምምድ ወደ 1,250 ሜትር ወረደ። ከአራት ሳምንት በኋላ በ5,000 ሜትር ሩጫ ሰዓቱን ያሻሻለው ሦስተኛው ብቻ ነው፣ በአማካይ 13 ሰከንድ ገደማ። ሌት ተቀን ከፍታ ላይ የቆዩትም ደማቸው ጨምሮ ነበር፤ ነገር ግን አየር እያጠራቸው በፍጥነት መለማመድ ስላልቻሉ ትርፉን መልሰው አጡት። የአዲስ አበባ ሯጮች ለቀላል ሩጫ እንጦጦ ወጥተው ለፈጣን ልምምድ ወደ አቃቂ ወይም ወደ ቢሾፍቱ የሚወርዱት ይህንኑ በልምድ ስለሚያውቁት ነው።

ርሃብስ?

በሩጫው ምሳሌ ውስጥ ያለው ጫና መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ሯጩ መርጦታል፣ ማታ ራት አለ። ርሃብ ሦስቱንም የለውም።

ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች በ1977ቱ ረሃብ ውስጥ ሕፃን የነበሩ ኢትዮጵያውያንን ሃያ ዓመት ያህል ቆይተው አጠኗቸው። ዘዴያቸው ብልህ ነው፤ የአንዱን መንደር ልጅ ከሌላው መንደር ልጅ ጋር ከማወዳደር ይልቅ እኅትና ወንድምን አወዳደሩ። ያው እናት፣ ያው ቤት፣ ያው ማሳ፤ ልዩነቱ ረሃቡ ሲበረታ የነበራቸው ዕድሜ ነው። በዚያ ወቅት ከ12 እስከ 36 ወር ዕድሜ ላይ የነበሩት ልጆች አዋቂ ሲሆኑ ከታላላቆቻቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸው ያነሰ፣ በቅርብ የመታመማቸው ዕድል የበለጠ መሆኑንም የሚጠቁም ነገር ተገኘ። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት ይህ ሁሉ ሲደመር በዕድሜ ልክ ገቢያቸው ላይ በየዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ሊያጎድል ይችላል።

ዕድሜው የመጣው በአጋጣሚ አይደለም። ጡት የሚተውበት፣ አንጎልም አጥንትም በፍጥነት የሚያድጉበት ጊዜ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ያንኑ ረሃብ ሲራብ ይከሳል፣ ሲጠግብ ግን ብዙውን ይመልሳል፤ የሁለት ዓመቱ የሚመልሰው ጥቂቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቡካሬስት ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ የነበሩ 136 ልጆች ላይ የተጀመረው ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ግማሾቹ በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። በጥቅሉ የተሻሉት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ናቸው። ስለዚህ አንድ ልጅ «ገና ነፍስ ያላወቀ ስለሆነ አይሰማውም» የሚባለው ነገር የተገላቢጦሽ ነው።

ያው የረሃብ ጥናት ውስጥ ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉም የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ረሃቡ ሲበረታ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩት ልጆች አላጠሩም! ችኩል አንባቢ «ይኸው፣ መከራ አጠነከራቸው» ሊል ይችላል። ተመራማሪዎቹ ግን ሌላ ትርጓሜ ሊወገድ እንደማይችል ጽፈዋል። ደካሞቹ ሞተው ሊሆን ይችላል። ሃያ ዓመት ቆይቶ ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው የሚለካው የተረፈውን ብቻ ነው።

ከድህነት ተነስተው ትልቅ ደረጃ የደረሱትስ?

አሉ፣ ብዙ ናቸው። ግን እነሱንም የምናያቸው በዚያው ሜትር ነው።

የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን እንውሰድ። 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ። ከእነዚህ ውስጥ በኩራዝ ያጠና፣ ሩቅ መንገድ በእግሩ የተመላለሰ፣ እየሠራ የተማረ አይጠፋም። ጋዜጠኛ ሄዶ «ለዚህ ያበቃህ ምንድነው?» ቢለው «ያሳለፍኩት ችግር» ብሎ ይመልሳል፤ አይዋሽም። ችግሩ ሌላ ነው። 50 ያላመጡትን ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች «ችግር አሳልፋችኋል?» ብለን ብንጠይቅ መልሳቸው ያው ነው። ያለፈውም የወደቀውም እኩል የቀመሱት ነገር አንዱ ለምን እንዳለፈ ሊነግረን አይችልም። መፈለግ ያለበት አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ የጠፋው ነገር ነው።

ይህን በትዕግሥት የፈለጉ ሰዎች አሉ። ኤሚ ወርነርና ሩት ስሚዝ በሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ካዋይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን ይዘው እስከ ጎልማሳነታቸው ተከተሏቸው። ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው፤ ማን እንደሚሳካለት ሳይታወቅ ከመወለድ ጀምረው ቆጠሩ። ከልጆቹ ሲሶ የሚሆኑት ድህነት፣ አስቸጋሪ ወሊድ፣ የሚጠጣ ወይም የታመመ ወላጅ፣ የቤት ውስጥ ጠብ ከመሳሰሉት አራትና ከዚያ በላይ ተደራርቦባቸው ነበር። ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱ በ10 ወይም በ18 ዓመታቸው ከባድ የትምህርት፣ የጠባይ ወይም የአእምሮ ጤና ችግር ታየባቸው። ሦስተኛው ግን ጨዋ፣ ሠራተኛና ሰው የሚያምነው ጎልማሳ ሆነ። ልዩነታቸው ሲመረመር ደጋግሞ የወጣው ነገር ቢያንስ አንድ ያልከዳቸው አዋቂ መኖሩ ነው፦ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ መምህር። ከወደቁትም ብዙዎቹ ከሠላሳ ዓመታቸው በኋላ ተነስተዋል፤ ያነሳቸው ሁለተኛ የትምህርት ዕድል፣ የተረጋጋ ትዳር፣ ሃይማኖታዊ ማኅበር ነበር።

ወደ ሩጫው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት 114 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ሯጮችን ከሌላው ሰው ጋር ሲያወዳድር፣ ማራቶን ሯጮቹ በብዛት የአርሲና የሸዋ ልጆች ሆነው፣ ትምህርት ቤታቸው የራቀና እየሮጡ የሚሄዱ ሆነው ተገኙ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይማር እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ይህን ይዞ «ድህነት ሯጭ ያወጣል» ማለት ግን አርሲን አለማወቅ ነው። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ላም የሚታለብበት። ልጁ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሲመለስ የሚበላው ገንፎ አለ። ከዚያ ላይ በቆጂ ላይ ልጆቹን ሰብስቦ የሚያሠራ አሰልጣኝ፣ አዲስ አበባ ላይ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ አለ። ሩቅ መንገድ የሚሮጡ ልጆች በሀገሪቱ ሞልተዋል፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ላይ የሚገኙባቸው ወረዳዎች ግን ጥቂት ናቸው።

መጠኑስ ስንት ነው የሚበቃው?

«ምንም ችግር አለማየት ይሻላል» የሚለውም አልጸናም። ማርክ ሲሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት የ2,398 አሜሪካውያን ጥናት፣ በሕይወታቸው ጥቂት ክፉ ነገር ያዩ ሰዎች ምንም ካላዩትም ብዙ ካዩትም ያነሰ ጭንቀትና የተሻለ የሕይወት እርካታ ነበራቸው። አልጋ በአልጋ የሆነለት ሰው የመጀመሪያው ድንጋይ ያደናቅፈዋል፤ ብዙ ያየው ደግሞ ተሰባብሯል።

ከመጠን ሲያልፍ የሚመጣው ግን ከዚህ በጣም የጎላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሳን ዲዬጎ ውስጥ የወጣው ጥናት አዋቂዎችን በልጅነታቸው ስለደረሰባቸው ድብደባ፣ ጥቃት፣ የቤት ውስጥ ሱስና የመሳሰለው ሰባት ዓይነት ነገር ጠየቃቸው። አራትና ከዚያ በላይ ያሉት ሰዎች ምንም ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለአልኮል ሱስ፣ ለአደንዛዥ ዕፅ፣ ለድባቴና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ችግር የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ብዙ ችግር የሚያደርሰው ጉዳት ትልቅ ነው። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

አንዱ ሲበረታ ሌላው ለምን እጁን ይሰጣል?

እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር በውሾች ላይ ያደረጉት ሙከራ (ዛሬ ቢሆን የሚፈቅድላቸው የለም) መልሱን ጀመረው። ሁለት ውሾች ልክ እኩል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርሳቸዋል። አንደኛው በራሱ ሰሌዳ ገፍቶ ማቆም ይችላል፤ የሁለተኛው የሚቆመው አንደኛው ሲያቆም ብቻ ነው። የሥቃዩ መጠን በሰከንድ እንኳ አይለያይም። በማግስቱ አጥር ዘሎ ማምለጥ የሚቻልበት ሳጥን ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያው ዘሎ አመለጠ። ሁለተኛው ግን፣ ከእሱ ዓይነቶቹ አብዛኞቹ እንዳደረጉት፣ መሬት ላይ ተኝቶ ንዝረቱን ተቀበለ።

ያኔ የተሰጠው ትርጓሜ «ተስፋ መቁረጥን ተማረ» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 እነዚያው ሁለት ሰዎች በአንጎል ላይ የተሠራውን ሥራ አይተው ራሳቸውን አረሙ። ረጅም ሥቃይ ሲመጣ እጅ መስጠት የአንጎል የመጀመሪያ ምላሽ ነው፤ መማር አያስፈልገውም። የሚማረው «የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለውን ነው፤ ያንን የተማረ አንጎል በሚቀጥለው ችግር ላይ አይተኛም። ስለዚህ ያጠነከረው ሥቃዩ ሳይሆን ሰሌዳው ነው።

ይህን ወደ ሰው ስናመጣው፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ቤት ውስጥ በቀን 16 ሰዓት የሚሠሩ ሁለት እኅቶችን እናስብ። አንዷ ፓስፖርቷ በእጇ ነው፣ ስልክ አላት፣ በስንት ወር ስንት ብር እንደምትልክ አስባ ነው የሄደችው። የሌላዋ ፓስፖርት በአሠሪዋ መሳቢያ ተቆልፎበታል፣ በሩም እንዲሁ። ድካማቸው አንድ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቦሌ ላይ የሚወርዱት ግን አንድ ዓይነት ሰዎች ሆነው አይደለም።

«ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆንኩ» የሚሉትስ?

ሪቻርድ ቴደስኪና ሎረንስ ካልሁን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ይህን ዓይነቱን ለውጥ «ከቁስል በኋላ የሚመጣ ዕድገት» ብለው ሰይመው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በ21 ጥያቄዎች የሚለኩበትን መመዘኛ አወጡ፦ ከሰው ጋር መቀራረብ፣ አዲስ መንገድ ማየት፣ የራስን ጥንካሬ ማወቅ፣ መንፈሳዊ ለውጥ፣ ሕይወትን ማመስገን። ከካንሰር፣ ከጦርነትና ከአደጋ የተረፉ ብዙዎች አዎንታዊ መልስ ይሰጣሉ።

መመዘኛው የሚጠይቀው ግን «ተለውጬአለሁ ብለህ ታስባለህ?» ብሎ ነው። ፓትሪሺያ ፍሬዚየርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ተማሪዎችን ክፉ ነገር ሳይደርስባቸው በፊት መዝነው፣ በመካከሉ ከደረሰባቸው 122 ተማሪዎች ጋር ደግሞ ከደረሰ በኋላ መዝነው አወዳደሩ። «አድጌአለሁ» ያሉት መጠንና በመለኪያው ላይ የታየው ለውጥ በጥቅሉ አልተገናኙም። ይህ ማለት ይዋሻሉ ማለት አይደለም። ሰው ለደረሰበት ነገር ትርጉም ሲሰጥ ቀኑን መግፋት ይቀለዋል፤ እሱም ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። ነገር ግን የተጎዳ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ትርጉምና እኛ ከውጭ ሆነን «ለበጎ ነው፣ ያጠነክርሃል» ብለን የምንለጥፍበት አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ልጅን አውቆ ማስቸገር ተገቢ ነው?

በትምህርት ላይ፣ አዎ፤ ግን በትክክለኛው ቦታ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አስነብበው አንዱን ደግመው እንዲያነቡ፣ በሌላው ላይ ግን ደብተር ዘግተው ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት ጽሑፍ በለጠ፦ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ፣ ራሳቸውን ከፈተኑበት 56 በመቶ አስታወሱ። ሽምደዳ ምቹ ነው፣ ስለዚህ ያታልላል። ከራስ ላይ አውጥቶ መጻፍ ያደክማል፣ ያ ድካም ግን ይከፍላል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ይሠራል፦ ልጁ አንድ ምዕራፍ ያነባል፣ ደብተሩን ይዘጋል፣ በባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሰውን ሁሉ ይጽፋል፣ ከዚያ ከፍቶ የጎደለውን ብቻ በሌላ ቀለም ይሞላል። ከአንድ ቀን በኋላ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ይደግመዋል። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ወላጁ አጠገብ ቆሞ በየስህተቱ ይቆጣል፤ ያኔ ሙከራው ወደ ቅጣት ይዞርና ልጁ መገመት ያቆማል። ሁለተኛ፣ ምንም መሠረት በሌለው ነገር ላይ ይሞከራል፤ ከአሥር አንድ እንኳ ማስታወስ የማይችል ልጅ እየተማረ አይደለም፣ እየተሸነፈ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ክፍሉን ማሳነስ ይሻላል።

ድካሙ እውቀቱ ላይ ይሁን እንጂ ሆዱ ላይ አይሁን። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ተጨማሪ ጽናት አይማርም፤ ጥቁር ሰሌዳውን ማየት ያቅተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የትምህርት ቤት ምገባ የገባው ለዚህ ነው።

ጫናው ወደ ጉዳት መዞሩ በምን ይታወቃል?

ሯጭ ላይ፦ ከእንቅልፍ ሲነሳ የልብ ምቱ ከወትሮው ከፍ ይላል፣ ደክሞት ሳለ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ሴት ከሆነች የወር አበባዋ ይቀራል፣ ሩጫ ሲጀምር የሚያመው አጥንት ሲቀመጥም ማመሙን ይቀጥላል። ይህን አይቶ «ቻለው» የሚል አሰልጣኝ ልጁን ለወራት ከሜዳ ያርቀዋል።

ሌላው ሰው ላይ፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ መከፋት፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ማስጠላት፣ ምግብና እንቅልፍ መዛባት የድባቴ ምልክቶች ናቸው። ከአደጋ በኋላ ደግሞ ክስተቱ ሳይጠሩት እየመጣ ማስጨነቁ፣ ቅዠቱ፣ መባነኑ፣ ቦታውን መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ ሕክምና የሚፈልግ የአእምሮ ቁስል ሊሆን ይችላል። ከወር በፊት ያለው መባነን ግን ለአብዛኛው ሰው የሚያልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 70 በመቶ የሚሆነው የዓለም ሕዝብ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ክስተት ይገጥመዋል፤ ከእነዚህ ቁስሉ የሚጸናባቸው 5.6 በመቶ ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውን «ሁሉንም ንገረኝ፣ አልቅስና ይውጣልህ» ብሎ ማስገደድ ይረዳል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሲጠና ግን የማይጠቅም፣ አንዳንዴም የሚጎዳ ሆኖ ስለተገኘ ዛሬ አይመከርም። የሚመከረው ሦስት ነገር ነው፦ የሚያስፈልገውን ማየት፣ ማውራት ከፈለገ ማዳመጥ፣ ከቤተሰቡና ከአገልግሎት ጋር ማገናኘት። እድር ይህን ሳይማር ይሠራዋል። ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛውን ለብቻው አያሳድርም። ክፍተቱ ያለው ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው። ለአርባው የሚሄድ ዘመድ የሚደርሰው አንድ ወር ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ ማለፍ የነበረበት መባነን አለማለፉ የሚታወቅበት ትክክለኛ ጊዜ ላይ ነው። ያን ቀን «አይዞህ፣ ጠንክር» ከማለት በፊት ሐዘንተኛውን ፈንጠር አድርጎ «እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብስ ይበላልሃል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልሱ «አይ» ከሆነም ጤና ጣቢያ ድረስ አብሮ መሄድ።